ከቡራዩ ያመጣሁት የጫልቱ ሥዕል

ቅዳሜ ጠዋት ከሰበታ የወጣሁት ሥዕል ላመጣ ነው። ጫልቱ ልታገባ ነው፤ ነገ ወደ ወላጆቿ ሆለታ ትሄዳለች። እኛ ቤት ሥራ ስትጀምር እኔ ገና አልራመድም ነበር። ስጦታው የኔ ሐሳብ ነው። የሥዕል መምህራችን በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአንድ ኦስትሪያዊ ሰዓሊ ሥራዎች አሳይታን ነበር። ሰውየው የትልልቅ ሰዎችን መልክ ይሥላል፤ ግን ደግሞ እናት ልጇን ስታበላ፣ ልጆች ሲላፉ፣ ተራውን የቤት ኑሮም ይሥላል። በጣም ወደድኩት! እኔም ቤተሰቡ ምሳ ላይ ሆኖ፣ ጫልቱ ትንሹን ወንድሜን ናቲን ስታጎርሰው ያነሳሁትን ፎቶ ቡራዩ ላለ ሰዓሊ ላክሁ።

እስከ ቡራዩ

ፉሪ ጋ መንገዱ ተቆፍሮ ሚኒባሱ ቆመ። አቧራው ይገባል፣ መስኮቱ አይዘጋም። አየር ጤና ወርጄ ሌላ ያዝኩ፤ አስኮ ላይ ትኩስ ሳምቡሳ ገዝቼ እየበላሁ ቡራዩ ገባሁ። እስከዚህ ድረስ ደስተኛ ነበርኩ።

ሰዓሊው ቤት

ኦቦ ገመዳ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። "አካም ጅርታ" ብለው ተቀበሉኝና ከሥዕሉ ላይ ጨርቁን አነሱ። አባቴ አለ፣ እናቴ አለች። ናቲ አፉን በሰፊው ከፍቷል፤ የሚያጎርሰው ግን የፕላስቲክ አበባ ነው። ጫልቱ በተቀመጠችበት ቦታ የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል።

"ጫልቱስ?"

"ሠራተኛዋን ነው? አወጣኋታ። የቤተሰብ ሥዕል የሚያሠራ ሁሉ አውጣልኝ ነው የሚለኝ። እንዳትመላለሺ ብዬ ቀድሜ ሠራሁልሽ።"

ደሜ ፈላ። ሥዕሉ የሷ ስጦታ መሆኑን፣ እሷ የሌለችበትን ቤተሰብ ግድግዳዋ ላይ ልትሰቅል እንደማትችል ነገርኳቸው። የኦስትሪያውንም ሰውዬ ጨመርኩላቸው።

"ፈረንጁማ ምን አለበት" ብለው ሳቁ፤ "የኔን ዓይነት ደንበኛ አላየ።"

እኔ አልሳቅሁም። ካልመለሷት አልሄድም ብዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። በሆዳቸው የረገሙኝ ይመስለኛል፤ ግን አበባው ላይ ደርበው ሣሏት። ቀለሙ ቶሎ የሚደርቅ ዓይነት ነው። ቁርጥ እሷን!

መልስ

ሥዕሉን አቅፌ ስገባ የሚኒባሱ ረዳት "ቤተሰብሽን በሙሉ ጭነሽ የአንድ ሰው ልትከፍዪ ነው?" አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። ተናድጄ የሁለት ሰው ከፈልኩ።

ቤት ስደርስ ጫልቱ ሥዕሉን ብዙ አየችው። አመሰገነችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ሁሉም ይበላል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማልበላው" አለች። "ባሌ ቤትም ሳበላ ልኑር?"

እናቴ ስንት የተለፋበትን ብላ ትቆጣት ጀመር። እኔ ቀኑን ሙሉ ይዤው የዋልኩት ንዴት ወዴት እንደሚሄድ ጠፋኝ፣ ከዚያ ወደ ራሴ ዞረ። ኦቦ ገመዳ አጠፏት፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ ላይ ዕድሜ ልኳን ሥራ ልሰጣት ነበር። ሥዕሉ ውስጥ ይመልሷት ብዬ ስጮህ፣ ምን ስታደርግ መታየት እንደምትፈልግ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ከዚህ ሁሉ መንገድ የተረፈኝ ትምህርት ይኸው ነው።

ራት ሲቀርብ ናቲን ከእቅፏ ወሰድኩት። ጫልቱ ከሁላችን ቀድማ ቆረሰች። ስልኬን አውጥቼ ላንሳሽ ወይ አልኳት።

"ቆይ" አለች እያኘከች፣ "መጀመሪያ ልጥገብ።"