የወጌሻውን ቀርከሃ የቆረጥኩ ዕለት

የልጄን የእግር ጣት ቆንጥጬ «አመመሽ?» ስላት፣ «እማ፣ መቼ ነካሽኝ?» ያለችኝን ቀን አልረሳውም። ከሚሊኒየሙ ወዲህ ነው። እስካሁን ሳስበው እልሄ ይነሳል።

ልጄ የሺ ከጅጋ ገበያ ስትመለስ ከበቅሎ ወድቃ ቅልጥሟ ተሰበረ። ወጌሻችን አያ ታከለ በቀርከሃ ጥፍር አድርገው አሰሩላት። ጣቶቿ ቀዘቀዙ፣ ከዚያ ጠቆሩ፤ ስቆነጥጣት ያልተሰማት ያኔ ነው። እኛ ዘንድ የወጌሻን እስር ሌላ እጅ አይፈታውም፤ የፈታ ቤት ሌላ ስብራት ይገባዋል ይባላል። ባለቤቴ አያ ታከለን ጠራቸው። መጥተው አዩና «መጥፎው ደም እየወረደ ነው፤ ተዉት» አሉ።

ማጭድ አነሳሁና እዚያው ፊታቸው እስሩን ቆረጥኩት።

«አንቺ ሴት፣ እጄን አዋረድሽው» አሉኝ።

«አያ፣ የእርስዎ ውርደት ይረሳል። የልጄ እግር ግን ከተቆረጠ አይበቅልም።»

ሆስፒታል በቃሬዛ ያደርሱልኛል ያልኳቸው ጎረቤቶች አያ ታከለን ፈርተው ዓይን ዓይናቸውን ያዩ ጀመር። ማንንም አልለመንኩም፤ ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ወንዙን ሳልሻገር አፍረው ነው መሰል ቃሬዛውን ይዘው ደረሱብኝ። ከመንገዱ መኪና አግኝተን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሙ የጣቷን ጥፍር ጫን እያደረገ ደም ይመለስ እንደሁ ያያል። «እስከ ነገ ካልሞቀ እግሯ መቆረጡ ነው» አለኝ።

«ሌላ ዘዴ ጠፋ?»

«በውጭ አገር ከሰው ስብ ሴል እያወጡ ደም የተቋረጠበት እግር ላይ ይወጋሉ። አዲስ የደም ሥር ያበቅል እንደሁ ብለው እየሞከሩ ነው። እዚህ የለም፣ እናቴ።»

«ስቡን ከእኔ ውሰዱ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እርስዎ ላይ ስብ ከየት ይገኛል?»

«እንግዲያው እንደ በሬ አደልቡኝ» አልኩት። አስታማሚው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

እግሯን በጋቢ ጠቅልዬ፣ እቆርጣለሁ የሚል ቢመጣ ላላስነካ ጠበቅሁ። በማግስቱ ሐኪሙ ጥፍሯን ተጭኖ ሲለቀው ቀላ። ትንሿን ጣቷን ብቻ አጣች።

አያ ታከለ ዛሬም ሰርግ ቤት ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ያዙሩ። የተሰበረ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ እየገባሁ ጣት እቆነጥጣለሁ፤ ያልተሰማው ካለ እስሩን እፈታለሁ። ያ የስብ መድኃኒት አገራችን ገብቶ እንደሁም ሐኪም ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ገና ነው ይሉኛል።

የሺ ግን ድናለች። ቡሬ ላይ ሱቅ ከፍታ ቀኑን ሙሉ በሁለት እግሯ ቆማ ትውላለች።