ኡሻ ማለት

ባለፈው ወር ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ ረዳቷ በሩን ከፍታ "ኡሻ" ብላ ተጣራች። የህንድ መልክ ያላት ወጣት ተነሥታ ገባች። ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት የአገሬ ልጆች ተያይተው ሳቁ። "ውሻ ገባች በላ" አለ አንዱ። ልቆጣ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በዚያ ስም ከእነሱ በፊት ያፈርኩ እኔ ነኝ።

ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት በሆነ እርሻ ቲማቲም እለቅም ነበር። ውጭ በረዶ፣ ውስጥ የቆላ ሙቀት። የቲማቲም ቅጠል ሽታ በሳሙና አይለቅም። ኡሻ የምትሠራው ከጎኔ ነበር። የተወለደችው ደቡብ አሜሪካ፣ ሱሪናም፣ ዘሯ ከህንድ።

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ጠዋት የሥራ ምድብ ሲለጠፍ ቆሜ የማነብ እመስላለሁ። አንድ ቀን ገባት። ከዚያ ወዲያ ከኋላዬ መጥታ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ ዛሬ እኔና አንተ ሰባተኛው መስመር ነን ትላለች። ለማንም አልተናገረችብኝም። ምሳ ላይ ድንችና ፎሶሊያ የተጠቀለለበትን ቂጣዋን፣ ሮቲዋን፣ ትገምስልኛለች፤ ቃሪያው የእኛን ያስንቃል። ወደድኳት። ስሟን ግን አልጠራም፤ "ስሚ" እላታለሁ።

በጸደይ ሮተርዳም፣ ጓደኛዬ ታደሰ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ይዣት ሄድኩ። ታደሰ በር ላይ፣ "እንግዳህን አስተዋውቀን እንጂ፤ ማን ትባላለች?" አለ። ቤቱ ጢም ብሏል።

"ሰላም" አልኩ።

ሕፃኑን ቄሱ አጠመቁ፣ እሷን እኔ። ሴቶቹ ሥጋ እንደማትበላ አይተው ምስር እየጨመሩላት፣ "ሰላምዬ ብዪ" ይሏታል። ሰላምታ መስሏት በየጊዜው አጸፋውን ትመልሳለች። መጨረሻ ላይ አንዷ በደችኛ ስምሽ ደስ ይላል አለቻት። ያኔ ዞራ አየችኝ።

ባቡር ውስጥ "ስሜን ምን አደረግኸው?" አለችኝ። መዋሸት እችል ነበር። በእኛ ቋንቋ ውሻ ይመስላል አልኳት።

ዴልፍት ከተማን አለፍን። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ቅድመ አያቴን ከህንድ ወደ ሱሪናም ለሸንኮራ እርሻ ሲጭኗት የመርከቡ ጸሐፊ ስሟን አበላሽቶ ጻፈው። እስክትሞት በተበላሸው ተጠራች። የእኔን አባቴ ከጥንቱ ሳንስክሪት ፈልጎ ነው ያወጣልኝ። ዳኸራት ማለት ነው" አለች።

ይህን የደችኛ ቃል አላውቀውም ነበር። አላወቅሁም ማለት ሞት መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ምንም አትልም?"

ሰኞ ሌላ መስመር ጠይቃ ተዛወረች። በበጋው ጨርሳ ወጣች።

አርባ ካለፈኝ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። አንድ ቀን ያ ቃል መጽሐፉ ላይ መጣ፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። መምህሯ ፀሐይ ሳትወጣ የምትታይ ብርሃን ናት አለች። ንጋት።

የእናቴ ስም ንጋቷ ነው። "እናቴም በስምሽ ትጠራለች" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ አፍ ስላልነበረኝ፣ ሴቲቱ ውሻ ተብላ ወረደች።

ይህን የነገርኳቸው ሁሉ ፈልገህ ይቅርታ ጠይቃት ይሉኛል። ይቅርታ ስም ጠርቶ ነው የሚጀመረው። እኔ ያን ያህል ጊዜ አጠገቧ ሠርቼ አንዴ እንኳ አልጠራኋትም። አንዳንድ ጠዋት ብቻዬን ሆኜ ስሟን እለዋለሁ። ምላሴ አሁንም ወደ ሌላው ቃል ያዳልጠኛል። እንደገና እለዋለሁ።