የቤታችን አንበሳ

የልጄ እጮኛ ወላጆች ጃፓኖች ናቸው። ሽማግሌ መላክ በነሱ ዘንድ እንዲህ እንደኛ ባይሆንም፣ ለእኛ ክብር ብለው ከሴንት ፖል እኔ ወዳለሁበት ብሩክሊን ሴንተር ድረስ መጡ። ወንድሜ ገና ሳይቀመጡ ዘር ቆጠራ ጀመረ። «የማን ወገን ናችሁ?» ብሎ አረፈው።

እኔ ስሸማቀቅ የእጮኛዋ እናት ደስ አላቸው። ስልካቸውን አውጥተው የእናታቸውን ጥቁር የክብር ልብስ ፎቶ አሳዩን። ጀርባው ላይ፣ ክብ ውስጥ፣ ሦስት ቅጠል አለ። እነሱ አገር ቤተሰብ ሁሉ እንዲህ ያለ ምልክት አለው አሉ። ሽመላ ረጅም ዕድሜ ነው፤ ቀርከሃ ይጎነበሳል እንጂ አይሰበርም።

«የኛ አረም ናት» ብለው ሳቁ። «ገበሬዎች ነበርን። ይቺ ቢነቅሏት ተመልሳ ትበቅላለች። ቤታችን እንዳይጠፋ ብለው መረጧት።»

አረም! እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከግቢዬ እየነቀልኩ የምጥላት ናት።

«የእናንተስ ምልክት ምንድን ነው?»

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ያደግነው በሸማኔ ስድብ፣ «ቁጢት በጣሽ» እየተባልን ነው። ለልጄ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ወንድሜን ባየው ጣራ ጣራውን ያያል።

«አንበሳ» አልኩ። «አያቴ ደጃዝማች ነበሩ።»

ወንድሜን ሻዩ ትን አለው።

በመልሱ ዕለት የልጄ አማት በገዛ እጃቸው የጠለፉትን ጨርቅ ይዘው መጡ። በአንድ ወገን የነሱ አረም፣ በሌላው የኔ አንበሳ፣ ከነጎፈሩ። እንግዳው ሲያጨበጭብ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ልጄ የደረበችውን ነጠላ ጥለቱን እየዳሰሱ ነበር። አባቴ ለሰርጌ ብሎ የሸመነው ነው።

«ይሄንንስ ማን ሠራው?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም። አፌ ግን ቀደመኝ።

«ከገበያ ነው የገዛሁት።»

«ማንም ይሁን» አሉ፣ ጥለቱን ሳይለቁ፣ «እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው የቤት ምልክት ይገባዋል።»

ጨርቁ አሁን ልጄ ሳሎን ተሰቅሏል። በሄድኩ ቁጥር ጀርባዬን ለአንበሳው ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ልጄ በእንግሊዝኛዋ ለምን ሁልጊዜ እዚያ ወንበር ላይ እንደምቀመጥ ትጠይቀኛለች።

«ለወገቤ ይመቸኛል» እላታለሁ።