ሦስት ዓመት ያላለቀችው እርሳስ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በጽጌ ጾም ነው። ጊዜውን ያስታወስኩት እኔ አይደለሁም፤ ሚስቴ ትሩነሽ ናት። እኔማ የተወለድኩበትን ቀን የማውቀው መታወቂያዬ የተገኘ ዕለት ብቻ ነው። ይህን ገጠመኝ ግን አልረሳውም። ጭንቅላቴ እንደ ወንፊት ሁሉን ሲያፈስ እሱ ብቻ ላዩ ላይ ቀርቷል።

ስሜ ደምሴ ነው፤ መሐል ሜዳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። በመንዝ ምድር አንድ እጅጌ ያለው ኮት ለብሶ የሚሄድ ሰው ካያችሁ፣ ሁለተኛውን እጅጌ ከእኔ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። አንዱን ሥራ ስጀምር ሌላው ያምረኛል። ሜትሬን ስፈልግ ውዬ አንገቴ ላይ አገኘዋለሁ። ደንበኞቼ ስለሚያውቁኝ የፋሲካ ልብሳቸውን የሚያዙኝ በቀደመው ፋሲካ ማግስት ነው።

ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ትሩነሽ ግን መሳቅ ካቆመች ቆይታ ነበር።

ያን ዓመት ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ደብረ ብርሃን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከሆስፒታል የምትወጣ ዕለት ጠዋት በሁለት ሰዓት ላመጣት ተነሣሁ። ያደርኩበት ቤት ከሆስፒታሉ ሩብ ሰዓት አያስኬድም። መንገድ ላይ አንድ ሰውዬ የስፌት መኪናው ቀበቶ ተበጥሶበት ሲታገል አየሁት። "ላንድ አፍታ" ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ጀንበር ልትጠልቅ ነው።

ትሩነሽ ሆዷን በነጠላ አስራ፣ ሆስፒታሉ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ በወደድኩ።

በሳምንቱ እንዲህ አለችኝ፦ "ስማ ደምሴ። ታመህ ከሆነ አስታምምሃለሁ። ንቀኸኝ ከሆነ ግን ወንድሞቼ ዘንድ እገባለሁ። የትኛው እንደሆነ አንተው ንገረኝ።"

እኔስ መቼ አወቅሁት! ትሩነሽን እንደማልንቃት እምላለሁ። ግን ያልናቀ ሰው ሚስቱን ከነቁስሏ ድንጋይ ላይ እንዴት ያስመሻል?

እንዲህ ሆኜ ስብሰለሰል አንድ ቀን ሱሪ እየሰፋሁ ሬዲዮ ላይ አንድ ሐኪም ሲናገር ሰማሁ። ኤዲኤችዲ ስለሚባል፣ ትኩረት ስለማጣትና ስለመቅበጥበጥ ችግር ነው የሚያወራው። ዕቃ መጣል፣ የጀመሩትን አለመጨረስ፣ ሰው እያናገረ በሐሳብ መጥፋት... አንድ በአንድ ሲዘረዝር ትሩነሽ ጣቢያው ድረስ ሄዳ የከሰሰችኝ መሰለኝ። "ልጆች ላይ ብቻ አይደለም፤ አዋቂም ላይ አለ" ሲል መኪናዬን አቆምኩ። ሱሪው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ጠያይቄ፣ ደብረ ብርሃን አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እየመጣች የምታክም የአእምሮ ሐኪም እንዳለች ሰማሁ። ቀጠሮዬን ትሩነሽ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችልኝ። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ሄድኩ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ጥያቄ የሞላበት ወረቀት አወጣች።

"ዕቃ ይጠፋብዎታል?"

"ዛሬ ነው ወይስ በጠቅላላው?"

ፈገግ እንኳን አላለችም፤ ጻፈች። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጠይቀኝ አራት ጊዜ ተነሥቼ መስኮቷን ከፍቼ ዘግቻለሁ። የመጋረጃዋ ጠርዝ ተተርትሮ ስላየሁት መርፌ ይኖራት እንደሆነም ጠይቄያታለሁ። እሱንም ጻፈችው።

"ልጅ ሳሉስ እንዴት ነበሩ?" አለችኝ።

"ልጅ ሳለሁማ!" ደረቴን ነፋሁ።

ይህን ታሪክ መሐል ሜዳ ላይ ያልሰማ የለም። ሠርግ ላይ አውርቼዋለሁ፤ ለቅሶ ላይም አውርቼዋለሁ። ራቤል አጠገብ ትምህርት ቤት ስገባ አባቴ አንዲት እርሳስ ገዛልኝ፤ "ይቺን የጣልክ ዕለት ትምህርት አበቃ" ብሎ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል በእሷው ተማርኩ። ሳትጠፋብኝ፣ ሳታልቅም! አባቴ ለጎረቤቱ ሁሉ "የእኔ ልጅ ጥንቁቅ ነው" እያለ ያሳያት ነበር። በሕይወቴ ያልጣልኳት ዕቃ እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ነው የምኮራባት።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። "አቶ ደምሴ፣ ይህ ችግር ከጎለመሱ በኋላ ድንገት አይጀምርም። ከአሥራ ሁለት ዓመትዎ በፊት ምልክቱ መታየት ነበረበት። ልጅነትዎን በደንብ የሚያውቅ ሰው ይዘው መምጣት ይችላሉ?"

እናትና አባቴ አርፈዋል። ያለችኝ ታላቅ እኅቴ ናት፤ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ባሏ ከሞተ በኋላ መንኩሳ፣ ራቤል አካባቢ ከአንድ ደብር አጠገብ ትኖራለች። እማሆይ ወለተ ማርያም ትባላለች። ከመነኮሰች ወዲህ "እርስዎ" ልላት ይገባኝ ነበር፤ እሱንም እረሳዋለሁ። እትዬ ነው የምላት።

ደወልኩላት። "እትዬ፣ ሐኪም ፊት ስለ ልጅነቴ ትመሰክሪልኛለሽ። አደራሽን፣ ጥሩ አድርገሽ!"

ጥፋቴ ይታያችኋል? በእኛ አገር "ለወንድምሽ መስክሪ" የተባለች ሴት ምን እንደምታደርግ ማወቅ ነበረብኝ። የሥጋ ዘመድን ጉድ ወረቀትና ብዕር የያዘ ሰው ፊት ማውጣት ነውር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን ገባን። እትዬ ቢጫ ቆቧን ደፍታ፣ ያጠበችውን ነጠላ ለብሳ፣ በጨርቅ የቋጠረችውን የገብስ ቆሎ ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

"እማሆይ፣ አቶ ደምሴ ልጅ ሳሉ አንድ ቦታ መቀመጥ ያስቸግራቸው ነበር?"

"እሱን? እንደተተከለ ምሰሶ ነበር፣ ልጄ።"

"ይረሱ ነበር?"

"የነገሩትን አይረሳ፣ የላኩትን አያጎድል። ቄሱ ሳይቀሩ 'እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ልጅ አላየሁም' ይሉ ነበር።"

ስለ ማን እንደምታወራ ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ።

"እርሳሷስ?" አለች ሐኪሟ ማስታወሻዋን ተመልክታ።

እትዬ ነጠላዋን አስተካከለች። "አንዲት እርሳስ፤ ሦስት ዓመት" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሐኪሟ ማስታወሻዋን አጠፈች። "እንግዲያ ይህ ችግር ነው ለማለት ያስቸግረኛል። ሌላ ምክንያት እንፈልግ" አለችና የደም ምርመራ ወረቀት ጻፈችልኝ።

እትዬ ክርክር እንደረታ ሰው ቀና ብላ ደረጃውን ወረደች። እኔ ከኋላዋ ቀረሁ። ሕመም ካልሆነ ያው ትሩነሽ የፈራችው ነው። ንቀት ነው ማለት ነው።

መናኸሪያ ደርሰን ሚኒባሱ ውስጥ ተቀመጥን። ለመሙላት ሁለት ሰው ይቀረዋል።

"ምነው ዝም አልክ?" አለች እትዬ። "አንተ ዝም ስትል ያስፈራል። ጥሩ አልመሰከርኩም?"

ያን ጊዜ የትሩነሽን ነገር ነገርኳት። ድንጋዩን፣ ነጠላዋን፣ "ታመህ ነው ወይስ ንቀኸኝ?" ያለችኝን፣ ሁሉንም። ሳልቀልድ አንድ ነገር ነግሬያት የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እየነገርኳት ለትሩነሽ ልደውል ኪሴን ዳበስኩ። ስልኬ የለም። ሌላውን ኪስ ዳበስኩ።

እትዬ ወደኔ ሳትዞር እጇን ከረጢቷ ውስጥ ከትታ ስልኬን ሰጠችኝ። "ከሐኪሟ ወንበር ላይ ነው።" ቀጥላ ኮፍያዬን አወጣች። "ይቺን ቁርስ የበላህበት ጥለሃት።" ቀጥላ መነጽሬን። ቀጥላ የደም ምርመራውን ወረቀት። "ይሄ ደረጃው ላይ ነበር።"

ከዚያ የገዛ እጇን ማየት ጀመረች።

"ይሄ እጄ አልተወም" አለች።

"ምኑን?"

"ተነሥ፣ ውረድ!"

ሁለት ሰው የቀረው ሚኒባስ አራት ቀረው። ረዳቱ የተናገረንን እዚህ ልጽፈው አልችልም፤ እትዬን ሲያይ ግማሹን ዋጠው።

ክሊኒኩ ስንደርስ ሐኪሟ ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ነው። እትዬ "ይቀመጡ" ብትባልም አልተቀመጠችም። መነኩሲት ሆና፣ ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት ፊት፣ እጇን አጣምራ ቆመች።

"ልጄ፣ በጾም ዋሽቼሻለሁ። ቆሎው ይርጋልሽ፤ ምስክርነቱን ግን መልሺልኝ።"

"የትኛውን ነው፣ እማሆይ?"

"ሁሉንም። ይሄ ልጅ ተቀምጦ አያውቅም። ውኃ ሲልኩት እንስራውን ይዞ ሄዶ፣ እንስራውን ረስቶ ወፍ አይቶ ይመጣል። እርሳሷም..." ወደኔ ዞረች። "ይቅር በለኝ ደምሴ። አንዲት አልነበረችም።"

የሳቅኩ ይመስለኛል። የቀለደችብኝ መስሎኝ።

"በገባህ በሳምንቱ ጣልካት" አለችኝ። "አባባ ቢያውቅ ከትምህርት ቤት ያስወጣሃል። እኔ ለጎረቤት የበግ ጠጉር ፈትዬ ባገኘኋት ሳንቲም ሌላ እርሳስ ገዛሁ። ያቺ አዲስ ናት፤ የጠፋችው ደግሞ ተቀርጻ አጥራለች። አባባ ደግሞ ማታ ማታ አውጥተህ አሳየኝ ይልሃል። ስለዚህ በቢላ ቆረጥኳት። በጠፋችው ልክ።"

ሐኪሟ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች።

"ጫፏን የማኘክ አመል አለህ። የፊት ጥርስህ ወልቆ ስለነበር በጎን ጥርስህ ነበር የምትነክሳት። እኔም አዲሲቱን በጎን ጥርሴ እነክሳታለሁ፣ እንድትመስል። እንጨቷ ትመራለች። ከዚያ ስትተኛ ደብተርህ ውስጥ እከታታለሁ። በሳምንቱ ደግሞ ትጥላታለህ።"

"ስንት ነበሩ?" አልኳት።

"መቁጠር መቼ ተማርኩና!" አለችና ሳቀች። "አንዷንስ ጓሳው ሳር ውስጥ ጥለሃታል። ይሄኔ ቀበሮ ይማርባታል።"

እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እሷ ቤት እንደምትቀር ሁልጊዜም አውቅ ነበር። ከኋላዬ እየለቀመች እንደምትከተለኝ ግን አላወቅሁም። አርባ ዓመት ሙሉ በየሠርጉ የተኮፈስኩባት እርሳስ የእሷ ፈትል ነበረች። ሐኪሟ ኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ሳልነቃነቅ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እትዬ አንዴ ከጀመረች በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ የረሳሁትን ጥፋት ሁሉ ዘከዘከችው። ሐኪሟ ለመጻፍ ሁለተኛ ወረቀት አወጣች። ደሜም ተመርምሮ ሌላ ነገር እንደሌለ ከታየ በኋላ በሌላ ቅዳሜ ስሙን ነገረችኝ፤ ሬዲዮው ላይ የሰማሁት ነው። መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ ሥራዬን በትንሽ በትንሹ ከፋፍዬ እንድሠራም መከረችኝ።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ትሩነሽ ፊት ቆምኩ። ከሠርጋችን ቀን ይልቅ ፈራሁ።

"ንቀት አይደለም" አልኳት። "ሕመም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የነበረ ነው።" የእርሳሷንም ነገር ከነቁርጧ ነገርኳት።

ትሩነሽ አዳመጠችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ደረቴን በጡጫ መታችኝና "አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ ምናለ ቀደም ብለህ ብትታመምልኝ!" አለች።

ተያይዘን ሳቅን። ከእኔ ጋር ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

ወዲያው ግን ጣቷን ቀሰረችብኝ። "መታመምህን አስታምማለሁ። የድንጋዩን ምሽት ግን ትክሳለህ። ኮት ስፋልኝ፤ ሁለት እጅጌ ያለው።"

መድኃኒቱን እየዋጥኩ፣ አንድ ቀን አንገትጌውን፣ አንድ ቀን ኪሱን እያልኩ፣ ስምንት ሳምንት ፈጀብኝ። እጅጌው ግን ሁለት ነው። ለብሳው ገበያ የወጣች ዕለት ሰው እንደ ታምር ዞሮ አየው።

ተፈወስኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ሜትሬ አንገቴ ላይ ይጠፋል። ግን ራሴን "አንተ ሰነፍ፣ አንተ ግዴለሽ" እያልኩ መስደቡን ትቻለሁ። ሠርግ ላይ የእርሳሷን ታሪክ አሁንም አወራለሁ፤ መጨረሻውን ግን እውነቱን ነው የምናገረው፤ ጀግናዋም ተቀይራለች።

ባለፈው ሰሞን ወደ ራቤል በሚሄድ ሰው እጅ ለእትዬ አንዲት አዲስ እርሳስ ላክሁላት፤ ሙሉዋን፣ ያልተቀረጸች። ዕዳ ለመክፈል ሳይሆን፣ አንዴ እንኳን ያልተቆረጠች እንድትይዝ ብዬ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ያው ሰው ተመልሶ ትንሽ ጥቅልል ሰጠኝ። ስፈታው ከመሐሏ በቢላ የተቆረጠች ግማሽ እርሳስ ናት። ጫፏ ላይ የጎን ጥርስ ምልክት አለ።

"እማሆይ ምን አሉ መሰለህ" አለኝ ሰውዬው፤ "'ሌላዋ ግማሽ እኔ ጋ አለች፤ ስትጠፋበት ይላክብኝ' ብለውሃል።"

ይህን የጻፍኩላችሁ በእሷው ነው። መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ጠፍታብኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ትሩነሽ መጥታ ከጆሮዬ ላይ አነሣችልኝ።