አክስቴ የቀረችበት ካሴት

ተመርጫለሁ! የአማርኛ መምህራችን ትናንት ክፍል ገብተው ገና ሳይቀመጡ «ዓርብ ከሰዓት አዳራሽ የሚነበበው የአንቺ ጽሑፍ ነው» አሉኝ፣ በጣታቸው እያመለከቱኝ። ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት ዞር አልኩ። ማንም የለም፣ ግድግዳ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማሩ ብትገድሉኝ አላውቅም። ስንወጣ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ በሩጫ ነው ያቋረጥኩት፣ አሸዋው ጫማዬን ሞልቶት።

የተመረጠው ግን አንድ ገጽ ብቻ ነው። መምህራችን «ቀሪውን ይዘሽ ነይ፣ ሙሉውን ታነቢዋለሽ» ብለዋል። ቀሪው ያለው ካሴት ውስጥ ነው። ካሴቱን ደግሞ ከእንግዲህ የሚከፍተው የለም። ደስታዬ እንዲህ ያለ ደስታ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ በጅቡቲ ባቡር እየተመላለሰች የምትነግድ ሴት ነበረች። ምን ትነግድ እንደነበር ድሬዳዋ ላደገ ሰው መንገር ሽንኩርት ምን እንደሆነ እንደ መንገር ነው። አንድ ጊዜ ግን ያመጣችው ሽቶም ጨርቅም አልነበረም፤ ኮምፒዩተር ነበር። ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ቁልፎች ያሉት ጠፍጣፋ ነገር። በአንቀልባ አዝላው መጣች። የጉምሩክ ፈታሹ «ልጁ ምነው ድምፁ የለም?» ሲላት «አቦ ተወው፣ አሁን ገና ነው የተኛልኝ! ከቀሰቀስከው አንተ ነህ የምታባብለው» አለችው። ሰውየው በእግሩ ጣት እየተራመደ አለፈ። የተመረጠችልኝ ገጽ ይቺ ናት። መምህራችን «ፈታሹን ‹አንድ ሰውዬ› ብትይው ይሻላል» ብለውኛል። እሺ፣ አንድ ሰውዬ።

አባቴ የባቡር ጋራዥ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ገጣጠመው። ማሽኑ ብቻውን ምንም አያውቅም። መጻፍ የሚያስችለው ፕሮግራም ዘፈን በምንሰማበት ዓይነት ካሴት ነው የመጣው። ካሴቱን በቴፕ ስታጫውቱለት ይጮኻል፤ ማሽኑ ጩኸቱን ሰምቶ ሲጨርስ መጻፍ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል፣ እንደገና ታሰሙታላችሁ። የጻፋችሁትን ደግሞ በሌላ ካሴት ላይ በጩኸት ያስቀምጥላችኋል። ያንን ጩኸት መልሶ ቃል የሚያደርገው ያው ፕሮግራሙ ነው።

የእኛ ፊደል የለውም። አማርኛውን በፈረንሳይኛ ፊደል ነበር የምጽፈው። አክስቴ ከመንገድ ስትመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ትነግረኛለች፣ እኔ እመታለሁ። ማንበብ አትችልም፤ ግን ቃሏ ከአፏ ወጥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲታይ ታብዳለች።

«የቱ ጋ ነኝ?»

«ይኸው፣ ሁለተኛው መስመር ላይ።»

«ወይ ጉድ! እዚህስ ቀጥኛለሁ!»

ደብተር ላይ ልጻፈው ስላት አትሰማኝም። «ደብተርማ ማንም አለው። እኔ ቴሌቪዥን ላይ ነው የምወጣው» ትላለች። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ገጽ ብቻ ለክፍል ሥራ ብዬ በእጄ ገለበጥኩ። ሌላው ሁሉ፣ አይሻ ጣቢያ ያደረችበት ሌሊት፣ በበረሃ መሐል የተበላሸው ባቡር፣ ከሶማሌዋ ጓደኛዋ ጋር በአንድ ሽርጥ ተጠቅልለው ያደሩት፣ ካሴቱ ውስጥ ነው።

ከዚያ አክስቴ እንደ ልማዷ ሄደች፤ አልተመለሰችም። አንዱ አግብታለች ይላል፣ አንዱ መርከብ ተሳፍራለች ይላል። እናቴ ግን የአክስቴን አልጋ እስካሁን በየቀኑ ታነጥፋለች።

ፕሮግራሙን ያጠፋችው እናቴ ናት፣ በፍቅር። የጎረቤታችን ልጅ ልታገባ ነው፣ የሠርግ ዘፈን ያስፈልጋል። እናቴ በቤት ያሉትን ካሴቶች ስትሞክር አንዱ ይጮኻል። «ይሄስ ተበላሽቷል» አለች። ድሬ ውስጥ ደግሞ የተበላሸ ካሴት አይጣልም፤ መጋላ ገበያ ሙዚቃ ቤት ይወሰድና ሌላ ይቀዳበታል። ሌላ እንዳይቀዳበት ተብላ የተሰበረችውን የካሴቱን ጥርስ ቦታ ባለ ሙዚቃ ቤቱ በፕላስተር ለጥፎ የሶማሊኛ ዘፈን ሞላበት። ሠርጉ አማረ። እኔም ጨፈርኩበት።

ነገሩን ያወቅነው አባቴ ማሽኑን ሊያስነሳ የከተተው ካሴት ከበሮ ሲመታ ነው። በመጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቁን ተወው።

መጋላ ሄድን። አባቴ የድሮው ከሥር ሊወጣ ይችል እንደሆነ ጠየቀ።

«አቦ፣ የግድግዳ ቀለም መሰለህ እንዴ ተፍቆ የሚወጣው? አዲሱ ሲገባ አሮጌው ሄደ፣ አለቀ!» አለ ባለ ሙዚቃ ቤቱ። ፊቴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወላሂ እህቴ፣ ጩኸት የሚያስቀምጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ባውቅ ኖሮ እጄ ይቆረጥ።»

ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ካሴቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ጩኸት ተርፎ ነበር። እሱን አሰማነው። ማሽኑ አዳመጠ፣ አዳመጠና በፈረንሳይኛ «ስህተት» ብሎ ጻፈ። ያቺን ቃል ከዚያ በኋላ ደጋግመን አየናት።

አባቴ ባቡር ነጂ ጓደኛውን ለመነው፤ ጅቡቲ ያለውን ሱቅ ጠይቅልኝ ብሎ። ሰውየው ባዶ እጁን ተመለሰ። ፕሮግራሙን የሚሠራው ድርጅት መሥራቱን ትቷል፣ ባለ ሱቁ አዲሱን ግዙ ብሏል። አዲሱ ግን ለአዲስ ማሽን ነው፤ የእኛን አያውቀውም። «የድሮውን የሚጠይቀኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ» ነው ያለው ባለ ሱቁ። እኛ ድሮ ሆንን ማለት ነው፣ ገና ሁለት ካሴት ሳንሞላበት!

አሁን ቤታችን የቀረው ሥዕል ያለበት ካርቶን፣ የፈረንሳይኛ መመሪያና ማሽኑ ናቸው። አባቴ አመሻሽ ላይ ያበራዋል። አንዲት ትንሽ ካሬ ብልጭ ድርግም ትላለች። ያያታል፣ ያጠፋዋል። አንዳንዴ እኔ የአክስቴን ካሴት እንዲያው በቴፑ አጫውተዋለሁ፤ ይጮኻል። እናቴ «አጥፊው፣ ራሴን አመመኝ» ትል ነበር። አንድ ቀን ግን አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

«የቱ ጋ ነች?»

እዚያ ጩኸት ውስጥ መስመር የለም።

ትናንት መመረጤን ስነግራት እልልታዋ እስከ ከዚራ ሰፈር ጥላ ዛፎች ድረስ ተሰማ። ቀሪውን ጠይቀውኛል ስላት ግን ሄዳ የተነጠፈውን የአክስቴን አልጋ እንደገና አነጠፈች። ቁጭ ብዬ ከራሴ ልጽፈው ሞከርኩ። የሆነው ሁሉ ይመጣልኛል፤ አባባሏ አይመጣም። «በጣም ፈራሁ» ብዬ ጻፍኩ። አክስቴ እንደዚያ ብላ አታውቅም። ታዲያ እንዴት ነበር ያለችው? ከሷ ሌላ የሚያውቅ የለም። ቀደድኩት።

ዛሬ ጠዋት ለመምህራችን ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዙ አላጽናኑኝም፤ ደስ ያለኝም ለዚያ ነው። «እንግዲያው አንዷን ገጽ አንብቢ፣ ስታልቅ አልቃለች በይ» አሉ። «ወላጅም ጎረቤትም መግባት ይችላል። ላገኘሽው ሁሉ ንገሪ።»

እንግዲህ እየነገርኳችሁ ነው፣ ይህን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበላችሁ የምታነቡ ሁሉ፦ ዓርብ ከሰዓት ኑ። ገጼ አጭር ናት። ከሷ በኋላ ለቀሪው የተሰጠኝ ጊዜ ባዶውን ይቀራል፣ እኔ የምሞላበት የለኝም። በቤታችሁ በዚያ ባቡር የተመላለሰች እናት ወይም አክስት ካለች ይዛችኋት ኑ። ከፈለገች ተነስታ የራሷን ትናገር። አክስቴን አትመልስልኝም፣ አውቃለሁ፤ ግን ከአፏ ሲወጣ መስማት እፈልጋለሁ። አዳራሹ ይሞቃል፣ ማራገቢያ አትርሱ።