መስታወት ውስጥ የቀረ ፊት

የአርታኢው ሥራ ፊት ማደብዘዝ ነበር። በልጅነታቸው ጠመንጃ ተሸክመው ኖረው፣ በኋላ ማገገሚያ ማዕከል ገብተው ሙያ ስለተማሩ ወጣቶች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም እጁ ገባ። ዘጠኝ ሰዎች ይናገሩበታል። ለዘጠኙም ፊታቸው እንደማይታይ ቃል ተገብቶላቸዋል። እሱም ስድስት ሳምንት ከኮምፒዩተሩ ጋር ተጣብቆ ከረመ። እናቱ በበሩ ባለፈች ቁጥር፣ "ዓይንህን ልታጠፋው ነው፣ አንተ ልጅ" ትለው ነበር። ጠንቃቃ በመሆኑ ይኮራል፤ ደግሞም ጠንቃቃ ነበር።

ከዘጠኙ አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሲሠራ የተቀረጸው ከጀርባው ነበር። አርታኢው ማጅራቱን አየና፣ "እዚህ ጋ ሥራ የለኝም" ብሎ አለፈው።

ፊልሙ በቴሌቪዥን በታየ በሳምንቱ የቀረጻው አስተርጓሚ ደወለችለት።

"ምን ነካህ አንተ?"

"ምን አጠፋሁ?"

"አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ መስታወቱን እየው።"

አየው። ከሰውየው ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል። ለሦስት ሰከንድ ያህል ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአርታኢው ጆሮ ጋለ። ቅጂውን በአንድ ከሰዓት አስተካከለው፤ ያየውን ሰው ዓይን ግን በምን ያደበዝዘዋል?

ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤቱን ጠይቆ አገኘው። የደንበኞች አግዳሚ ወንበር ባዶውን ነበር።

"ግባ ወንድሜ! ወረፋ የለም፣ ዛሬ ንጉሥ ነህ" አለው ፀጉር አስተካካዩ።

አርታኢው አውቶቡስ ላይ ሲያጠናው የመጣውን የይቅርታ ቃል ተወው። "አሳጥረው" ብቻ ብሎ ተቀመጠ። ማሽኑ ማንሾካሾክ ጀመረ።

"ድሮ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት መቀመጫ ይጠፋ ነበር" አለ ሰውየው፣ ሳይጠየቅ። "አሁን ምላጭ ሳነሳ ደንበኞቼ አንገታቸውን ይሰበስባሉ። ቴሌቪዥን ላይ አይተውኝ ነው። ፊልም ቀራጮቹ እኮ፣ እናትህ እንኳ አትለይህም ብለውኝ ነበር። ቀድማ የደወለችው ማን መሰለችህ? እናቴ! ነጋዴ ቤት ተቀጥሬ ነው ያደግሁት ብያት ነበር።" ሊስቅ ሞከረና ተወው። "ስልኩን ይዛ ዝም አለች። ዝም ብቻ።"

አርታኢው ከዚህ በላይ አልቻለም።

"እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"ፊትህን መሸፈን የነበረብኝ። መስታወቱን አላስተዋልኩትም።"

ማሽኑ ቆመ።

"ስንት ጊዜ አየኸው ፊልሙን?"

"መቶ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።"

"መቶ ጊዜ" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። "መቶ ጊዜ ስታየኝ አንዴም ፊቴን አላየኸውም።"

አርታኢው ሊነሳ አንገቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ጨበጠ።

"ቁጭ በል። ግማሽ ጭንቅላትህን ተላጭተህ ብትወጣ የቀሩኝንም ሁለት ሰዎች ታባርርብኛለህ።"

ተቀመጠ። ሰውየው ቀሪውን ቆረጠ፤ ጆሮው ዙሪያ በጥንቃቄ፣ እንዳልቸኮለና እንዳልተናደደ ሰው። በመጨረሻ የማጅራቱን ዳር ሊያስተካክል አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣ። ብረቱ ቆዳውን ገና ሲነካው፣ አርታኢው ሳያስበው አንገቱን ሰበሰበ።

የፀጉር አስተካካዩ እጅ አየር ላይ ቀረ። መስታወቱ ውስጥ ተያዩ።

"አንተም?" አለው።