ኮች ቨርኖን ያልተጫወተባቸው ዓመታት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቴክሳስ፣ ሌዊስቪል የምትኖረው ታናሽ እህቴ ኤልሳ ኮል አደረገችልኝ። ሰላምታም አላስጨረሰችኝ።

«ስሚ፣ ቅዳሜ አንድ ኮች ቤቴ ሊመጣ ነው» አለች።

ልጇ ናቲ ሃይስኩል ሊጨርስ ነው፤ ትከሻው በበር አልገባ ብሎ ያስቸገረ ልጅ ነው። አንድ ኮሌጅ ለፉትቦል ቡድኑ ፈልጎታል። ፉትቦል ስል የኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ በእጅ የሚያዘውን፣ የራስ ቁር አጥልቀው የሚጋጩበትን የአሜሪካኖቹን ነው። ቅዳሜ ቤተሰቡን ሊያግባባ የሚመጣው ከቡድኑ ረዳት አሰልጣኞች አንዱ ነው።

«የሰውየውን ባክግራውንድ ዌብሳይታቸው ላይ አነበብኩት። ምንም የጨበጥኩት ነገር የለም። አንቺ ኮሌጅ እያለሽ ይኼን ነገር ትጽፊ አልነበር? ሶ፣ አንብቢውና ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ንገሪኝ።»

አነበብኩት። እዚህ ተማረ፣ እዚያ ተጫወተ፣ አንዱ ጋ ጥቂት ዓመት አሰለጠነ፣ ሌላው ጋ ጥቂት ዓመት፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። የባልደረቦቹንም አየሁ። ስማቸውን ብታቀያይሩት የገዛ እናቶቻቸው አይለዩዋቸውም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረግኩና በረጅሙ ተነፈስኩ። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለመጻፍ አንድ ሙሉ ነሐሴ አሳሬን ያየሁ ሰው ነኝ።

ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የምንኖረው ዩለስ ከተማ፣ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የወጥ ቤቱ ብርጭቆ የሚንቀጫቀጭበት አፓርታማ ውስጥ ነበር። አባዬ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ እማዬ እዚያው ኤርፖርት ሳንድዊች ትሸጣለች። ትምህርት ሲዘጋ እኔም አጠገቧ ቆሜ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ስለዚህ የምማርበት ኮሌጅ ስፖርት ክፍል ጸሐፊ ይፈልጋል ሲባል፣ ስፖርት የሚለውን ቃል ሳልሰማ ጸሐፊ የሚለውን ብቻ ሰምቼ ሮጥኩ።

አለቃዬ ሚስ ጆይስ የምትባል ቀጭን፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ሥራዬን በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ፤ በውድድር ቀን በር ላይ ለሚሸጠው መጽሔት የረዳት አሰልጣኞቹን ታሪክ መጻፍ። «የት እንደተማሩ፣ የት እንደተጫወቱ፣ የት እንዳሠለጠኑ። እያንዳንዱን ደውለሽ አረጋግጪ። ስህተት ከወጣ የሚጮኹት እኔ ላይ ነው።»

ማታ ለአባዬ ነገርኩት።

«ስለዚህ ጨዋታ ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ምንም። ግን የምጽፈው ስለ ሰዎቹ ነው።»

«ሰዎቹንስ ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቅም።»

አባዬ ወደ እማዬ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው እስካሁን ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ልክ ነበር።

ነሐሴ ቴክሳስ ውስጥ ምን እንደሆነ ላላየው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እማዬ እስከ ዛሬ «ክረምት» ትለዋለች፤ ጠብ የሚል ዝናብ የለም። አስፋልቱ ጫማ ይይዛል፤ የመኪናው መሪ ያቃጥላል፤ ሜዳው የታጨደ ሣርና የላብ ሽታ ይሸታል። አሰልጣኞቹን የማገኛቸው እዚያ ሜዳ ዳር፣ በልምምድ መሐል በሚሰርቋት ትንፋሽ ነበር። አንደኛው፣ ኮች ራንዲ፣ ትንባሆ እያኘከ ወረቀት ኩባያ ውስጥ እየተፋ ያወራል። የት እንደሠራ ጠየቅኩት፤ በልጅነቱ ስለተሸነፈበት አንድ ጨዋታ ነገረኝ። እንደገና ጠየቅኩት፤ ያንኑ ጨዋታ ደገመልኝ። ሌላው ደግሞ ያሠለጠነባቸውን ከተሞች ቅደም ተከተል አያውቅም። «አቢሊን ከላበክ በፊት ነው መሰለኝ» ይላል። ለሚስቱ ደወልኩ። «በፊት ነው፤ ሁለተኛዋ ልጄ የተወለደችው አቢሊን ነው፤ ጥርስ ያወጣችው ላበክ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብልሃቱ ገባኝ። ረዳት አሰልጣኝ ማለት ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ዕቃውን ጭኖ ከተማ የሚቀይር ሰው ነው፤ የት የት እንደኖረ የምታስታውሰው ሚስቱ ናት፣ በምጥና በክትባት።

በዚያ ላይ ፍልሰታ ነበር። አሰልጣኞቹ ከጠዋት ጀምሮ በእንጨት ጭስ የበሰለ የበሬ ጥብስ ይቆርጣሉ፤ እኔ ሽሮዬን በፕላስቲክ ዕቃ ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ።

«ሥጋ አትበይም?» ይላል ኮች ቨርኖን።

«ጾም ነው።»

«ዶሮስ?»

«ዶሮም።»

«አይብ?»

«አይብም።»

በማግስቱ እንደገና «ዶሮስ?» ይለኛል። ሆነ ብሎ እያሾፈ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ኮች ቨርኖን ከሁሉም የባሰብኝ ሰው ነበር። ከፊት መስመር ቆመው የሚገፋፉትን ግዙፍ ልጆች የሚያሠለጥን፣ ራሱም ግዙፍ፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ሰው ነው። ልጆቹ ይወዱታል። አንዱ በሙቀት ሲዝለፈለፍ ከሁሉም በፊት የሚደርሰው እሱ ነው፣ በዚያች እግሩ። ታሪኩን በጠየቅኩት ቁጥር ግን መልሱ አንድ ነው፤ «አምና የወጣውን ገልብጪው»። ያምናው፣ ኦክላሆማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ አራት ዓመት እንደተጫወተ ይላል። ሚስ ጆይስ ደግሞ «አረጋግጪ» ብላለች። በሁለቱ መሐል ተንገላታሁና ኦክላሆማ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሳው ጡረታ ወጥቶም ከቢሮው ያልጠፋ የድሮ አሰልጣኝ ነበር። ስሙን ስጠራለት ድምፁ ሞቀ። «ቨርኖን! እንዴት ያለ ጥሩ ልጅ! ግን እኔ ጋ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ ላይ ጉልበቱ ተሰበረ። ትምህርቱን እስኪጨርስ ዳር ቆሞ ያይ ነበር።»

አመስግኜ ዘጋሁ። ይሄ ነገር እዚህ አገር ቀላል አይደለም፤ በታሪኩ ላይ የዋሸ አሰልጣኝ በአንድ ቀን ሥራ ያጣል። ለሚስ ጆይስ ብነግራት ሰውየው ሊባረር ነው። ዝም ብዬ ብጽፈው ደግሞ ውሸቱ ካሁን በኋላ የኔም ነው፤ ከታወቀ ወደ ሽንኩርቱ መመለሴ ነው። ምን አለ እንደ ራንዲ ስለ አንድ ጨዋታ እያወራ ቢያደርቀኝ!

ቤት ሄጄ ሳወራው አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ዝም በይ። ያገኘሽውን ገልብጪና ሥራሽን ሥሪ። በሰው አገር የሰው ጉድ ምን አገባሽ?»

እማዬ ግን «ለአለቃሽ ከመንገርሽ በፊት ለራሱ ንገሪው። ሰው ስለራሱ ከኋላ መስማት የለበትም» አለች።

ሌሊቱን ተገላብጬ አደርኩና ጠዋት ሜዳ ወረድኩ። ልጆቹ ውሃ ሊጠጡ ሲበተኑ ጠጋ አልኩት።

«ኮች፣ ኦክላሆማ ደውዬ ነበር» አልኩት።

ፊቱ ላይ ያየሁትን ለመግለጽ እቸገራለሁ። የደነገጠ አይመስልም። ለረጅም ጊዜ በር ላይ ጆሮውን ጥሎ ሲጠብቅ ኖሮ ኳኳታውን የሰማ ሰው ይመስላል።

«መጀመሪያ የጻፈው እንደ አንቺ ያለ ልጅ ነው» አለኝ። «'እዚያ ቡድን ውስጥ ነበርኩ' አልኩት፤ እሱ 'ተጫወተ' ብሎ አወጣው። አላረምኩትም። ቀጥሎ ሌላ ሥራ ስጠይቅ ያንኑ አንብበው ተቀበሉኝ። የመጀመሪያው የሰው ስህተት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ነው።»

«ምን ላድርግ?»

«ምንም አታድርጊ። ነይ።»

ወደ ዋናው አሰልጣኝ ቢሮ እግሩን እየጎተተ መራኝ። ለምን እኔን እንዳስከተለኝ አላውቅም፤ ምናልባት መንገድ ላይ ሐሳቡን እንዳይቀይር ምስክር ፈልጎ ይሆናል። ዋናው አሰልጣኝ ኮች ማክብራይድ ይባላል፤ ሽበታም፣ ቃላት የሚቆጥብ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ኮክ በቢላ እየቆረጠ ይበላ ነበር። ቨርኖን ቆሞ ሁሉንም ነገረው፣ ሳያድበሰብስ።

ማክብራይድ አፉ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ዋጠ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን ታውቃለህ?»

«እንዳልተጫወትክ። ከመቅጠሬ በፊት እዚያው ኦክላሆማ ደውዬ ነበር። ስትጫወት ሳይሆን ስታሠለጥን ነው ያየሁህ፤ የምፈልገው እሱን ነበር። ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ።»

እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሰውየው ዳነ፣ እኔም ዳንኩ፣ ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ ወደ ቨርኖን ዞርኩ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ጠበቅክ?» አለው። «ስንት ነሐሴ ጠበቅክ? እኔ እኮ በየዓመቱ ይቺ መጽሔት በወጣች ቁጥር ምግብ አይወርድልኝም። ሚስቴ ቤቱን ከገዛን ጀምሮ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አልሰቀለችም። 'ተይ፣ እዚህ አንቆይም' እላታለሁ። ምክንያቱን ግን አልነግራትም። አንተ ደግሞ ማዶ ተቀምጠህ ታየኛለህ!»

«መናገር የነበረብህ አንተ ነህ፣ ቨርን።»

«ልክ ነህ፤ እኔ ነኝ። አንተም ግን ጓደኛዬ ነኝ ትለኝ ነበር።»

በሩን ወርውሮት ወጣ። መደርደሪያው ላይ ያለው ዋንጫ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። እኔና ማክብራይድ ተፋጠን ቀረን። ኮኩን ሊቆርጥ ጀመረና ተወው።

«እውነቱን ጻፊው» አለኝ በመጨረሻ። «ለጆይስ እኔ እነግራታለሁ።»

ጻፍኩት። ሊጫወት ሄዶ ጉልበቱ እንደተሰበረ፣ ጨዋታውን ዳር ቆሞ እንደተማረ፣ ከዚያ በኋላ ያሠለጠናቸው ልጆች ስለሱ ያሉትን ጨምሬ። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ እስካሁን የማላፍርበት ያንን ነው። መጽሔቱ ሲወጣ ደንግጬ ጠበቅኩ። ማን ጮኸ? ማንም። ያን ሁሉ ዓመት ቨርኖንን እንቅልፍ የነሳውን ነገር ሰው ሆት ዶጉን እየበላ አገላብጦ አለፈው! ይሄ ደግሞ ከሁሉ በላይ አናደደኝ።

ቨርኖን ያንን ዓመት ሠራ፤ ልጆቹንም እንደ ወትሮው ተንከባከበ። ከማክብራይድ ጋር ግን ከሥራ ውጪ አንድ ቃል ሲለዋወጡ አላየሁም። የውድድሩ ወራት እንዳለቁ ለቀቀና ወደ ምዕራብ ቴክሳስ ሄዶ የአንድ ሃይስኩል ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ማክብራይድ ሊሸኘው መኪና ማቆሚያው ድረስ ወጥቶ ነበር፤ ተጨባበጡ፣ ያ ብቻ። ሁለቱም ደህና ሰዎች ነበሩ። ሁለቱንም ትከሻቸውን ይዤ ባራግፋቸው ደስ ባለኝ።

ያኔ የማክብራይድ ዝምታ ምሕረት ይመስለኝ ነበር። አሁን ፋርመርስ ብራንች ከተማ ባለው ቢሮዬ ሰዎች በሥሬ ይሠራሉ፣ ልጆችም አሳድጌያለሁ፤ እንደዚያ አይመስለኝም። የሰውን ስህተት አውቆ አለማባረር አንድ ነገር ነው። አውቆ፣ ሰውየው በፍርሃት ሲያልቅ እያዩ፣ «ራሱ ይንገረኝ» ብሎ መቀመጥ ግን ሌላ ነው። በርግጥ ቨርኖን መናገር ነበረበት። ግን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነበር ሳይፈራ መናገር የሚችለው።

ለኤልሳ መልሼ ደወልኩላት።

«እሺ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ።

«ከዚህ አይታወቅም። ማለቴ፣ የት እንደነበረ እንጂ እዚያ ምን እንደሆነ አይጽፉትም። ልጅሽ ሲያጠፋ ፊት ለፊት ይነግረው እንደሆነ ጠይቂው። እሱስ ሲያጠፋ ማን ነው የሚነግረው?»

«ኧረ በናትሽ! ሰውየው እራት ሊበላ ነው እኮ የሚመጣው! ይኼን እንዴት አድርጌ ነው የምጠይቀው?»

«ግድ የለም» አልኳት፣ «ቅዳሜ እኔው መጥቼ እጠይቀዋለሁ።»